የክንዴ ቁራኛ

ፍቅርአዲስ በቅሎዋን እየጎተተች የመጨረሻውን ዳገት ስትወጣ ከላይ ካለው ቤት የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። እሷ አልቆመችም፤ በቅሎዋ ግን ቆመች።

«ነይ እንጂ አንቺ! የሚታሰረው ሌላ ነው» አለችና ልጓሙን ሳበች።

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ጦርነቱ ዳባትን ቁልቁል ከሚያዩት ኮረብቶች ላይ ደርሷል። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ነጎድጓድ ይመስላል፤ የአገሩ ሰው ግን መለየት ከቻለ ሰንብቷል። ነጎድጓድ ሲሰማ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይኼኛውን ሲሰማ ከቤቱ ይወጣል። ስልክ የለም። የሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ወይ ወታደር ወይ ቁስለኛ ይጭናል። ከቡይት ራስ በላይ ያለውን የመኪና መንገድ ደግሞ የክረምቱ ናዳ በልቶታል። ስለዚህ ፍቅርአዲስ፣ በዚያ ክረምት ለደባርቅና ለዙሪያዋ የቀረችው አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሥራ የፈታች በቅሎ ለምና፣ ቡይት ራስ አድራ፣ በማለዳ ወደዚህች የገደል አፋፍ መንደር ወጣች።

ዘርፈሽዋል በራፉ ላይ ጠበቀቻት። የበሽተኛው ሚስት ናት፤ መልእክቱን በሰው በሰው የላከችውም እሷ ነች።

«ሲስተር፣ መጣሽልኝ?»

«መጣሁ። እንዴት ነው?»

«እግሩ ሸተተ» አለች ዘርፈሽዋል። ሌላ አልጨመረችም።

ክንዴ መካከለኛው ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። የፓርኩን አረንጓዴ ካፖርት ለብሶ አዝራሩን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ የፓርኩ ስካውት ነበር። ገደሉን እንደ ጓሮው ያውቀዋል፤ የጠፋ ፈረንጅ ፈልጎ ያመጣል፤ ዋልያ የሚያድኑትን ያሳድዳል። በሽታው ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ጊዜ ጀምሮት በመርፌ ተመልሶ ነበር። በየወሩ ደባርቅ ወርዶ ይወጋና ተራራው ላይ ይመለሳል። መንገዱ ሲዘጋ መርፌው ተቋረጠ። መርፌው ሲቋረጥ ድምፆቹ መጡ። በሰኔ አንድ ቀን ጧት የሚስቱን ወንድም አንዳርጋቸውን ከጉም ውስጥ ብቅ ሲል አየውና ሰርጎ ገብ መሰለው፤ በያዘው ሽመል ክንዱን ሰበረው። በዚያው ዕለት ጠመንጃውን ቀበሌ አስረከቡበት፤ እሱን ምሰሶው ላይ አሰሩት።

ፍቅርአዲስ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። ቤተሰቡ ሁሉ «እሱ» እያለ በላዩ ያወራል። እሷ ሆስፒታል ውስጥ እንደለመደችው «እርስዎ» አለችው።

«ጋሽ ክንዴ፣ እግርዎን ልየው።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እግሩን በራሱ እጅ አነሣና ወደ እሷ ገፋላት። ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን በልቶ ገብቷል። እብጠቱ ጉልበቱ ላይ ሊደርስ ነው፤ ቆዳው ያቃጥላል። ግንባሩን ነካች፤ እሱም ያቃጥላል። ዛሬ ካልወረደ እግሩን ያጣል፤ ከዘገየ ደግሞ እግሩን ብቻ አያጣም። ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«ሰንሰለቱ ይፈታል» አለች።

ከበሩ አጠገብ ሰው ሳቀ። አንዳርጋቸው ነው። ግራ ክንዱ በወጌሻ ቀርከሃ ታጥሮ ከደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ምላሱ የተሳለ ገበሬ ነው።

«ፍቺው ሲስተር፣ ፍቺው። ግን መጀመሪያ የቀረችኝን አንድ ክንዴን ልደብቃት።»

«አንተ ደሞ!» አለች ዘርፈሽዋል።

«ምን አልኩ? ከፈታችሁት ወይ እኛን ይገላል ወይ ገደሉ ውስጥ ይገባል። ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን ሙሉ ‹እየመጣሁ ነው› ሲል አልሰማሽም? ወዴት ነው የሚመጣው? ሰርግ ጠርተውታል?»

ፍቅርአዲስ ወደ ክንዴ ዞረች።

«ጋሽ ክንዴ፣ መሞት ይፈልጋሉ?»

ዘርፈሽዋል አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ኧረ በእመቤቴ! አታስታውሺው!»

«እኔ አላስታወስኳቸውም። ሲያስቡት ነው የከረሙት፤ ብቻቸውን ከሚያስቡት ይንገሩኝ» አለች ፍቅርአዲስ ዓይኗን ከበሽተኛው ሳታነሣ። ጥያቄውን በቀጥታ መጠየቅ ሰውን ወደ ገደል አይገፋም፤ ዝም ማለት ግን ብቻውን ይተወዋል። ይህን በትምህርት ቤት ነግረዋታል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በዓይኗ አይታዋለች።

ክንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ብዙ ቀን እንዳልተናገረ ሰው ሻካራ ነው።

«እኔስ አልፈልግም። እነሱ ናቸው የሚፈልጉ።»

«እነማን?»

«ከገደሉ ሥር ያሉት። በስሜ ይጠሩኛል። ‹ብቻህን ና› ይሉኛል።»

«ሲጠሩዎት ምንድን ነው የሚያግድዎት?»

እግሩን አየ። «ይኼ።»

«ይኼ ከሌለስ?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ፍቅርአዲስ መጠበቅ አትወድም፤ ግን ጠበቀች።

«ቁራኛ» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«አያቴ ባላምባራስ ታገኘ ደረስጌ ላይ ዳኛ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ከሳሽና ተከሳሽ የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ወታደር የለም፤ ብረት የለም። ተከሳሹ ዱር አይገባም፤ ከሳሹም ጥሎት አይሄድም። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ዳኛ ነው የሚፈታቸው።» ወደ በሩ ተመለከተ። «ይኼን ሰው ክንዱን ሰብሬዋለሁ። ክሰሰኝ ብዬ ለመንኩት። አልከሰሰኝም።»

«እብድ አይከሰስማ!» አለ አንዳርጋቸው።

«ሰማሽው?» አለ ክንዴ። «ክንዱን የሰበረው በሬ ቢሆን ይኼንኑ ነበር የሚል።»

ፍቅርአዲስ ብዙ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ሰምታለች፤ ታስሮ ክሰሱኝ ብሎ የሚለምን ግን አላጋጠማትም። በሐሳቧ መንገዱን ከፊቷ ዘረጋችው። ሦስት ሆነው ይዘውት ቢሄዱ ይታገላል፤ በዚያ አፋፍ መንገድ ትግል ማለት ሞት ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የሚያስተኛ መድኃኒት አለ፤ ግን በገደል ጫፍ ላይ የሚንገዳገድ ሰው አትፈልግም። እጁን ቢያስሩት ሲንሸራተት የሚይዝበት አይኖረውም። አንድ ሰው ከጎኑ ሳይለይ ይሂድ ቢባል፣ በሆስፒታል እንደሚደረገው ዓይን ሳይነቀልበት ማለት ነው፤ ያ ሰው ማን ይሆናል? ክንዴ ራሱ መርጦታል።

«አቶ አንዳርጋቸው፣ ይሄዳሉ?» አለችው።

«እኔ? ከእሱ ጋር ተቋጥሬ? በዚያ አፋፍ?»

«አዎ።»

«ገደል ቢገባስ?»

«ለእሱ መላ አለኝ። መሄድ ካልፈለጉ ግን አልፈርድብዎትም።»

አንዳርጋቸው ክንዴን ትኩር ብሎ አየው። ክንዴም አየው። ሁለቱ ከሰኔ ወዲህ ዓይን ለዓይን የተያዩት ያኔ ነው።

«ያንተ ነገር!» አለ አንዳርጋቸው በመጨረሻ። «ሰብረኸኝ ስታበቃ ደግሞ ተሸከመኝ ልትል ነው?» ጋቢውን ከትከሻው ላይ አስተካከለ። «በል ተነሥ። ተከሰሃል።»

ክንዴ ምሰሶውን ይዞ ተነሣ። ቆሞ ሲታይ ከሁሉም በላይ ረጅም ነው።

ዘርፈሽዋል ሰንሰለቱን ከፈተችለት። ፍቅርአዲስ ቁስሉን አጠበች፤ መድኃኒት አስዋጠችው፤ በሻሽ ጠቀለለችው። ከዚያ የሁለቱን ጋቢ ጫፍ ወስዳ እንደ ጫማ ክር ቋጠረችው፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ወዲያው የሚፈታ ቋጠሮ። አንዳርጋቸውን ወደ ጥግ ወስዳ አሳየችው።

«ወደ ገደሉ ከዞሩ አይያዟቸው፤ አይጎትቷቸው። ይቺን ጫፍ ይሳቡና ይልቀቁ። ሌላው የኔ ሥራ ነው። ገብቶዎታል?»

«ልልቀቀው?»

«ሁለት ሰው አላጣም» አለች ፍቅርአዲስ። ቃሉ ጭካኔ እንዳለበት ታውቃለች፤ መላው ግን ይኸው ነው።

በሩ ላይ ዘርፈሽዋል የሰንሰለቱን ቁልፍ በእጇ ጨብጣ ቆማለች። «ሲስተር፣ ባሌንም ወንድሜንም ነው ይዘሽብኝ የምትሄጂ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለቱንም መልሽልኝ።»

ፍቅርአዲስ ቃል አልገባችም። በቅሎዋን አዞረች።

*

የአፋፉ መንገድ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ድንጋይ ተክቦ በላስቲክ የተሸፈነ ጎጆ፣ ከፊቱ በመንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ። ክንዴ በበቅሎ ላይ ነው፤ አንዳርጋቸው ከጎኑ በእግሩ፤ ጋቢያቸው በመካከላቸው እንደ ድልድይ ተወጥሯል። አንድ ወጣት ሚሊሻ ክላሹን አቀባበለ።

«ቁሙ! እዚያው! የትኛው ነው እስረኛው?»

«ሁለቱም» አለ አንዳርጋቸው።

«አትቀልድ!»

«ለምን እቀልዳለሁ? ና ቋጠሮውን እየው።»

ፍቅርአዲስ ወደ ፊት ወጣች። በዚያ ክረምት ስሙን በቅጡ የማይናገር፣ ብቻውን የሚሄድ፣ ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው ኬላ ላይ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ታውቃለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለታመመ ሰው ከገደሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሰው ነው። ክንዴን ከበቅሎ አስወርዳ ከድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው፤ አንዳርጋቸውን አብሮት እንዲቀመጥ ነገረችው፤ ራሷ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ ጎጆው ገባች።

የኬላው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ላቀው ይባላሉ። ከድሮው ጦር የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የቀድሞ ካፖርታቸውን ዛሬም ለብሰዋል። ወረቀቱን አገላበጡት።

«የታሰረ ሰው አላሳልፍም» አሉ። «ከየት ተይዞ ወዴት እንደሚሄድ ካላወቅሁ አላሳልፍም።»

«አልታሰሩም፣ ሃምሳ አለቃ። ታመው ነው።»

«ምን ያመዋል?»

«የአእምሮ ሕመም ነው።»

«ያልታሰረ እብድማ ጭራሽ አላሳልፍም!»

«እሺ፤ ቢታሰሩ አያሳልፉ፤ ባይታሰሩ አያሳልፉ። ታዲያ እንዴት ሆነው ይለፉ?»

ሃምሳ አለቃ ላቀው አሰቡ። ጥያቄው ከደንቡ ውጭ ነው።

«ቁራኛ ናቸው» አለች ፍቅርአዲስ ትዕግሥቷ አልቆ። «ይኼን እንኳን ያውቁታል።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አስቀመጡ። «ቁራኛ? በዚህ ዘመን?» ብለው ተነሡ።

ከጎጆው ሲወጡ ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው አጎንብሰዋል። ከነፋስ ተከልለው ሲጋራ የሚለኩሱ መሰላት። ሲያዩዋት ቀና አሉ። ሲጋራ አልነበረም። ልብ አላለችውም፤ ልቧ ከሃምሳ አለቃው ፊት ላይ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ላቀው ከፊታቸው ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ለምን እንዳወለቁት ራሳቸውም ያወቁት አይመስልም።

«አባቴ ሲያወራው ነው የሰማሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሳሹ የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አንዳርጋቸው።

«ተከሳሹስ?»

ክንዴ ባበጠ እግሩ ላይ ተነሥቶ ቆመ። የካፖርቱን ኮሌታ አቃና።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ስካውት ክንዴ እባላለሁ። የሰው ክንድ ሰብሬ ነው።»

ቃሉን በእብደት የሚናገር ሰው አይመስልም። አንዲትም ቃል አልተንሸራተተችበትም። ወጣቱ ሚሊሻ መሣሪያውን ዝቅ አደረገ።

«ዳኛው የት ነው?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

ሁሉም ፍቅርአዲስን አዩ።

«ደባርቅ» አለች።

«በሉ እለፉ። ይኼን ግንድ አንሣ፣ አንተ! ምን ታያለህ? ዳኛ ዘንድ የሚሄድ ሰው መንገድ አይዘጋበትም።»

*

አፋፉ ላይ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በጭንቅ የሚያስኬድ ብቻ ይሆናል። በቀኝ በኩል ሣር የለበሰው ዳገት፣ በግራ በኩል ምንም። ክረምቱ መንገዱን አሙልጮታል። በቅሎዋ ሸክም ይዛ አታልፈውም፤ ክንዴ ወረደ። ፍቅርአዲስ በቅሎዋን ከፊት ለቀቀቻት፤ መንገዱን ከሰው ይልቅ ታውቀዋለች። ክንዴን ወደ ዳገቱ በኩል፣ አንዳርጋቸውን ወደ ገደሉ በኩል አደረገች። ይህ ማለት በሽተኛው ወደ ገደሉ ለመድረስ መጀመሪያ ጤነኛውን ማለፍ አለበት ማለት ነው። ጤነኛው ደግሞ በአንድ እጁ ነው የሚሄደው። እሷ ራሷ ከኋላ ሆነች፤ ቋጠሮውን ማየት ትፈልጋለች።

ፍቅርአዲስ ይህን ገደል ከዚያ በፊት ያየችው በቱሪስት ፎቶ ነው። ፎቶው ውሸታም ነው። ፎቶው ውስጥ ገደሉ አያልቅም ቢባልም ያልቃል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ይጨርሰዋል። እዚህ ግን መሬት የሚባለው ነገር በድንገት ተቆርጦ፣ ከሥር ሌላ አገር አለ፤ የራሱ ተራራ፣ የራሱ ወንዝ፣ የራሱ ጠዋት ያለው አገር። ጥንብ አንሳው ከእግሯ በታች ይበራል። ጀርባውን አየችው። ወፍን ከላይ ማየት ሰው በሌለበት ቤት የመግባት ያህል ከበዳት። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከሣሩ ላይ ተነሥተው አንድ በአንድ በገደሉ ጠርዝ ቁልቁል ጠፉ፤ ደረጃ የሚወርዱ ይመስል።

ከዚያ ጉሙ ተነሣ። ከሥር ነው የመጣው፤ ገደሉን እየሞላ፣ ያለ ድምፅ። ወዲያው ከዳባት በኩል ያ ነጎድጓድ ያልሆነው ነጎድጓድ ተሰማ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ።

ክንዴ ቆመ።

ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ ሰው ስሙ ሲጠራ እንደሚያደርገው። ከዚያ ሙሉ አካሉን ወደ ገደሉ አዞረ። አንዳርጋቸው ከእሱና ከባዶው መካከል ነው። ክንዴ አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ተራመደ፤ አሁን ሁለቱም ጠርዙ ላይ ናቸው።

«አቶ አንዳርጋቸው» አለች ፍቅርአዲስ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጫፏን።»

አንዳርጋቸው አልሳበም።

«ጫፏን ይሳቧት።»

አንዳርጋቸው ወደ እሷ ዞሮ አየ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ እሷ ፈጽሞ ያላሰበችውን ነገር አደረገ፤ ተቀመጠ። እዚያው፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ተቀመጠ። ጋቢው ተወጠረ። የክንዴ ትከሻ ወደ ኋላ ተጎተተ።

ፍቅርአዲስ ልትይዛቸው ብትሮጥ ድንጋዩ አንሸራትቷት ሦስቱም ይሄዳሉ። ቆመች። በሥራዋ ውስጥ እንደዚያ ያለች ቅጽበት አልገጠማትም፤ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋ ጨርሳለች፤ የቀረው የእሷ አይደለም።

ክንዴ ለጉሙ ተናገረ። ጮኾ አይደለም፤ በር ላይ ለቆመ እንግዳ እንደሚናገሩት ነው።

«ብቻዬን አይደለሁም» አለ። «ቁራኛ አለብኝ።»

ጠበቀ።

«ይኸው ከሳሼ፤ ተቀምጧል። ዳኛ ሳይፈታን አልመጣም። ሕግ ነው።»

ደግሞ ጠበቀ። ጉሙ በፊቱ ላይ አለፈ፤ በካፖርቱ አዝራር ላይ ጤዛ ሆኖ ቀረ። ሲከፈት ያ አገር ሁሉ እንደገና ከሥራቸው ታየ፤ ፀሐይ የያዘው ወንዝ፣ ጉም የሚያጨሱ የተራራ ጫፎች፣ ስማቸውን እሱ ብቻ የሚያውቃቸው።

ክንዴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰና ከአንዳርጋቸው ጎን ተቀመጠ።

«ምን አሉ?» አለ አንዳርጋቸው። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኗል።

«ዝም አሉ።» ክንዴ ራሱ ተደንቋል። «ሕግ ያውቃሉ ለካ።»

*

ደባርቅ የደረሱት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ነው። ትምህርት ቤቱ ከዳባት በተፈናቀሉ ሰዎች ሞልቷል፤ የሆስፒታሉ ግቢ ቃሬዛ በቃሬዛ ነው። ሐኪሙ የክንዴን እግር አየና «ለነገ ቢቀር ኖሮ» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም፤ ሌላ ቁስለኛ መጣበት። ለሁለቱ ሰዎች ኮሪደር ላይ አንድ ፍራሽ ተገኘ። ፍቅርአዲስ መርፌውን ራሷ አመጣች፤ ራሷ ወጋችው። ከዚያ ለእግሩ በደም ሥሩ ግሉኮስና መድኃኒት ሰካችለት። ሌሊቱን አጠገቡ የሚቀመጥ ሠራተኛ ፈለገች፤ አልነበረም፤ ሁሉም ቁስለኛ ላይ ነው።

«በሉ» አለች ቁጢጥ ብላ። «ደርሰናል። ዳኛ እኔ ከሆንኩ ፈትቻችኋለሁ።»

የቋጠሮውን ጫፍ ይዛ ሳበች።

አልተፈታም።

እንደገና ሳበች። ይበልጥ ጠበቀ። ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። የእሷ ቋጠሮ አይደለም። የእሷ አንድ ዙር ነበር፤ ይኼኛው ድርብ ነው፤ ጫፉ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገብቷል። እህል የሞላ ጆንያ የሚታሰርበት፣ በጥርስ ካልሆነ የማይፈታ ቋጠሮ ነው።

ቀና ብላ አንዳርጋቸውን አየችው። የግራ ክንዱ በቀርከሃው ውስጥ ነው። አንድ እጅ ያለው ሰው ይህን ብቻውን ሊቋጥር አይችልም። ያኔ ኬላው ታያት። ትከሻ ለትከሻ፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው።

«ማን ነው የቋጠረው?»

አንዳርጋቸው ቀኝ እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ። ክንዴም ግራ እጁን።

«አፋፉ ላይ ሳቡት ስልዎት…»

«የሚሳብ አልነበረማ» አለ አንዳርጋቸው። «ሲስተር፣ ያንቺ ቋጠሮ ጥሩ ነው። ግን ጫማ ነው የሚታሰርበት። እሱም አየው። ‹ይኼ ቁራኛ አይደለም፤ ይኼ ማባበያ ነው፤ እነሱ ያውቁታል› አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ እጄን አዋስሁት።»

«እሱ ቢሄድ አንተም ትሄድ ነበር!» ‹እርስዎ› ማለቱን ረሳችው።

«እሱም ያውቀው ነበር እኮ።»

ፍቅርአዲስ ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ መንገድ በዓይኗ የጠበቀችው ቋጠሮ፣ የተማመነችበት መላ፣ ጠርዙ ላይ በለሆሳስ የሰጠችው ትእዛዝ፤ ሁሉም ከኬላው በኋላ ባዶ ነበር። ለዘርፈሽዋል ሁለቱንም ለመመለስ የቀረው ተስፋ ክንዴ ራሱ ብቻ ነበር። እሱም ያውቀው ነበር።

«እብዶች!» አለች። «ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ!»

ይህን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም፤ ሌላው ሲናገረው የምትቆጣ ሴት ናት። ክንዴ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ሳቁ ሻካራ ነው፣ ሳልም አለበት፤ ቁስለኞቹ ከየፍራሻቸው ቀና ብለው አዩት።

መቀስ ከኪሷ አወጣች። ጋቢውን አየች፤ መቀሱን መለሰች። ጥፍሯን በቋጠሮው ውስጥ አስገባች፤ ጨርቁ በአፋፉ ጉም ርሶ በጉዞው ደርቋል፤ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሯ ተሰበረ። አጎንብሳ በጥርሷ ያዘችው። ጣዕሙ ጭስና ላብ ነው። ሲላላ ሁለቱንም ጫፎች እጇ ላይ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ለየባለቤታቸው መለሰችላቸው።

አንዳርጋቸው አልተነሣም። ከፍራሹ ዳር ላይ እግሩን አጥፎ ተኛ።

«ክሱን ትቼዋለሁ እንዳትል» አለ ለክንዴ። «እጄ ይዳን እንጂ እከስሃለሁ።»

መርፌው መሥራት ጀምሯል፤ የክንዴ ዓይን እየከበደ ነው።

«አደራህን» አለ።